ስለ ልጆች ጠጉርና ስለ ወላጆች ቁጣ

በቴፒ ከተማ የቡና ለቀማ ወራት በገባ ጊዜ የሚደራው ገበያው ብቻ አይደለም፤ የጠጉር አስተካካዮች ቤትም እንደዚሁ ይደራል። ተማሪዎች ሳይቀሩ በዕረፍት ቀናቸው በኪሎ እየተከፈላቸው ቡና ይለቅማሉ። ባገኙትም ገንዘብ አንዳንዱ ደብተር፣ አንዳንዱ ጫማ ይገዛል፤ ብዙዎቹ ግን አስቀድመው ወደ መቀስና ወደ ምላጭ ይሮጣሉ። በዚያን ጊዜ በየቤቱ የሚነሣውን ጭቅጭቅ ለሰማ ሰው የልጅ ጠጉር ከቡና ዋጋ የበለጠ የአገር ጉዳይ ይመስለዋል።

ባለፈው ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት በተደረገው የወላጆች ስብሰባ ላይ ተገኝተን ነበር። አንድ አባት ተነሥተው የ16 ዓመት ልጃቸው ጎንና ጎኑን ተላጭቶ፣ አናቱ ላይ ብቻ ጠጉር አስቀርቶ ስለ መጣባቸው፣ «ይህ የማን አገር ሥርዓት ነው? ልጆቻችንን ፈረንጅ ቀማን!» ሲሉ አምርረው ተናገሩ። ጉባኤውም አጨበጨበላቸው። እኛም አጨብጭበናል። ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን ነገሩን ብናወጣው ብናወርደው ጭብጨባችን ያለ ቦታው ሆኖ አገኘነው።

ጎንና ጎንን ተላጭቶ አናት ላይ ጠጉር ማስቀረት ቁንጮ ይባላል፤ ከፈረንጅ የተዋስነው አይደለም። እኒህ አባት ከደጋ አገር የመጡ ሰው ናቸውና በልጅነታቸው ቁንጮ ሳይተውላቸው እንዳልቀረ እንገምታለን። ሕፃኑ የሞተ እንደ ሆነ መልአክ በቁንጮው ይዞ ወደ ሰማይ ያወጣዋል የሚሉ ሽማግሌዎች ነበሩ። የሴቶቹ ልጆች ደግሞ ጋሜና ሳዱላ ነበራቸው። አናታቸው እየተላጨ ዙሪያው ብቻ ይቀርና፣ ጠጉራቸው ሙሉ ሆኖ የሚያድገው ሲዳሩ ነው። ልጃገረዷን «ምን ዓይነት ይሁንልሽ?» ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

ጠጉርስ ይበቅላል። ንቅሳት ግን አይለቅም። ጥርሷ ነጥቶ እንዲታይ ድዷ በመርፌ እየተወጋ ጥቁር የሚቀባባት፣ አንገቷና አገጯ የሚነቀስ ልጅ ስንት ሌሊት በሕመም እንዳደረች የሚያውቁ እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ጌጥነቱን አንክድም፤ ያማረባቸውም ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ልጅቱን ወደ ነቃሿ እጇን ይዛ የወሰደቻት እናቷ ስትሆን፣ ዛሬ በአዲስ አበባ በጨረር ለማስጠፋት ገንዘብ የምትከፍለው ልጅቱ ናት። ከሚዛን አማን ወደ ደቡብ ስንወርድ በሱሪዎች ዘንድ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጃገረድ የታችኛው ከንፈሯ ተበስቶ በእንጨት እየሰፋ ሄዶ ኋላ የሸክላ ክብ ይገባበታል። የከተማችን ሰው ይህን ሲያወራ ይሰቀቃል፤ የገዛ እናቱን አንገት ግን አይቶ አያውቅም። በዚያም ቢሆን ከንፈራችንን አንበሳም የሚሉ፣ ትምህርት ቤት የገቡ ልጃገረዶች አሉና ክርክሩ ከኛው ክርክር ብዙ አይርቅም።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት አዲስ የመጣው የራስ ቅርጽ ሳይሆን ምላጩን የሚያዝዘው ሰው ነው። ቀድሞ የሚያዝዘው ወላጅ ነበረ፤ አሁን ለቅሞ ያገኘውን ብር በኪሱ የያዘ ልጅ ሆነ። አባትየውን ያንገበገባቸው ይህ ይመስለናል፤ በፈረንጅ ማመካኘቱ ግን ይቀላል።

ጥፋቱ የወላጆች ብቻ ነው ያልን እንዳይመስል አንድ ነገር እናስታውስ። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የልብስ ትርዒት በተዘጋጀ ጊዜ፣ አጭር ቀሚስንና የውጭ አገር ፋሽንን ተቃውመው የተነሡት አባቶች ሳይሆኑ ራሳቸው ተማሪዎች ነበሩ። እንቁላል ተወረወረ፤ ሁከት ሆነ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። ለአገር ነጻነት እንታገላለን ይሉ የነበሩ ወጣቶች ለእኅታቸው የቀሚሷን ቁመት ሊለኩላት ተነሡ። የባዕድ ባህል ተጫነን ማለታቸው ከንቱ ነበር አንልም፤ ነገር ግን እንቁላሉ ያረፈው በልጃገረዶቹ ላይ ነው።

ወደ ቴፒው አባት እንመለስ። ከስብሰባው በኋላ ጎረቤታችን ስለ ሆኑ ቤታቸው ቡና ጠርተውን ሄደን ነበር። ልጁ አቀርቅሮ፣ «አባባ፣ የከፈልሁት እኮ ለቅሜ ባገኘሁት ነው፤ ከእርስዎ አልወሰድሁም» አለ። አባትየው «ራስህንም ለቅመህ አገኘኸው?» ሲሉ እናትየው ሣቁ፤ ከዚያ በኋላ መነጋገር ተቻለ። ብዙ ከተባባሉ በኋላ ልጁ ጠጉሩን ቀለም ላይነክር፣ ጆሮውንም ላይበሳ ቃል ገባ። አናቱ ላይ ያለው እስከ ፈተናው ድረስ በጥቂቱ ያጥራል፤ ከፈተናው ወዲያ እንደ ወደደ ይሆናል። አባትየው በበኩላቸው በሰው ፊት ላይሰድቡት ተስማሙ፤ ይህኛውን ቃል ከልጁ ይልቅ እሳቸው ለመጠበቅ እንደሚቸገሩ ፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት አባትና ልጅ አብረው ወደ ጠጉር አስተካካዩ ሲሄዱ አየናቸው። አስተካካዩ «ምን ያህል ላሳጥረው?» ብሎ ሲጠይቅ አባትየው ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱና፣ ዘወር ብለው ልጃቸውን ተመለከቱ። ሒሳቡን ማን እንደ ከፈለ አልጠየቅንም።