የአዴሊና ፓቲ ሸክላ ስለ ቤል ካንቶ ምን ያህል ይመሰክራል?

አዴሊና ፓቲ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም.፣ በዌልስ አገር በሚገኘው መኖሪያዋ፣ የቤሊኒን «ላ ሶናምቡላ» የመጨረሻ ክፍል አንዱን ዜማ በሸክላ አስቀርጻለች። ዕድሜዋ 63 ነበረ፤ በለንደን ኮቨንት ጋርደን መድረክ መጀመሪያ የታየችው በዚሁ ኦፔራ፣ በ1861 ነው።

ሸክላውን የሚነቅፉ ሰዎች ድምፁ አርጅቷል፣ አዘፋፈኑም ከኖታው ልክ ይወጣል ይላሉ። ፊተኛው እውነት ነው፤ ትንፋሿ ያጥራል። ሁለተኛው ግን ነቀፋ ሊባል አይገባውም። ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተች መሻገሯ፣ አንዱን ቃል አዘግይታ ተከታዩን ማፋጠኗ፣ በመድረክ ላይ የኖረችበት ልማድ ነው። የቤል ካንቶ ትምህርት ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ይተላለፍ ስለ ነበረ፣ ሸክላውን በኖታው ብቻ የሚመዝን ሰው ኖታው ከቶ ሊነግረው የማይችለውን ነገር ይጥላል።

ይሁን እንጂ ይህን የ1831 ድምፅ አድርገው የሚያከብሩትም ያጋንናሉ። ቤሊኒ ክፍሉን የጻፈው ለጁዲታ ፓስታ ነው፤ ፓቲ የተወለደችው ከዚያ 12 ዓመት ቈይታ ነው። በዚያም ላይ የኤሌክትሪክ ቀረጻ ገና ስላልነበረ ድምፁ በመለከት ገብቶ በሰም ላይ ተቀርጿል፤ በኦርኬስትራ ፈንታ የሚሰማውም ፒያኖ ነው። መለከቱ ብዙ ስለ ቀነሰ የድምፅዋን ቀለም ከዚህ መፍረድ አይቻልም። የጊዜ አያያዟን ግን ይቻላል፤ ማጫወቻው ቢፈጥን ወይም ቢዘገይ የሁሉም ፍጥነት አብሮ ይለወጣል እንጂ፣ የተዘገየው ቃል ከተፋጠነው ጋር ያለው ልክ አይናወጥም።

ማሪያ ካላስ በ1957 በሚላኖ ያስቀረጸችው ይኸው ዜማ ለኖታው ይበልጥ ይታመናል፤ በውበትም ይልቃል። የፓቲን ልማድ ፈልጎ ለሚመጣ ተማሪ ግን ያንን ሸክላ አይተካለትም።