«የስካር መጠን» ወይስ «የደም አልኮል መጠን»?

(በአንድ የሙያ ቃል አተረጓጐም ላይ የቀረበ ሂስ)

በሕግና በሕክምና ነክ ትርጉሞች ውስጥ በደም የሚገኘውን አልኮል ለማመልከት «የስካር መጠን» የሚለው ሐረግ አልፎ አልፎ ይሠራበታል። ሐረጉ ለጆሮ የቀለለ ነው። ይሁን እንጂ የሚለካውን ነገርና ከልኬቱ የሚደረሰውን ፍርድ አንድ ላይ ስለሚጨፈልቅ ለሙያ ቃልነት አይበቃም።

በመሠረቱ መሣሪያ የሚለካው አልኮልን እንጂ ስካርን አይደለም። «ሰከረ» የአእምሮንና የአካልን ሁኔታ የሚገልጽ ግሥ ነው፤ ሰው በሥልጣንም በፍቅርም ይሰክራል። የአልኮሉ መጠን እኩል ሆኖ ሳለ መጠጥ የለመደው ቀጥ ብሎ ሲራመድ ያልለመደው ይንገዳገዳል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1936 ለአሽከርካሪዎች 0.5 በሺህ የሚል ወሰን ስትደነግግ ቁጥሩን ከአረማመዱ ለይታለች፤ ቃላችንም ይህንኑ መለየት አለበት።

«ክምችት» የሚሉም አሉ። መከማቸት ግን እየጨመሩ መሄድን ያሳስባል፤ አልኮል ግን ጉበት ስለሚያቃጥለው በየሰዓቱ ይቀንሳል።

ከስያሜው ይልቅ አደገኛው የመስፈሪያው አተረጓጐም ነው። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች 0.08 ሲባል በ100 ሚሊ ሊትር ደም 0.08 ግራም ማለት ነው። በስዊድን 0.2 ሲባል ግን 0.2 በሺህ ነው። መስፈሪያውን ዘሎ ቁጥሩን ብቻ የገለበጠ ተርጓሚ የስዊድንን ሕግ ልል ያስመስለዋል፤ በእውነቱ አራት እጥፍ ያህል የጠበቀ ነው።

የተለካውም ነገር በስሙ ይጠራ። የትንፋሽ መመርመሪያ ደምን አይነካም፤ የደሙ ቁጥር የሚገኘው በስሌት ነው፤ ማባዣውም በአሜሪካ 2100፣ በብሪታንያ 2300 ነው። በሐኪም ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመረመረው ከደም ሴሎች የተለየው ፈሳሽ፣ ማለትም ሲረም ነው። ሲረም ከሙሉ ደም ይልቅ ውኃ ስለሚበዛበት አልኮሉም ከፍ ብሎ ይታያል። ሁሉንም «ደም» ብሎ የተረጐመ፣ ከወሰኑ በታች የነበረውን ሰው ከወሰኑ በላይ ሊያደርገው ይችላል።

ስለሆነም ለልኬቱ «የደም አልኮል መጠን» እና «የትንፋሽ አልኮል መጠን»፣ ለድንጋጌው «ሕጋዊ ወሰን» ቢባል ይሻላል። «ስካር» ግን ሰውየውን ዓይቶ ለሚመሰክር ሐኪም ይተው። በቁጥር የሚፈርድ ዳኛ የሚያነበው ተርጓሚው የጻፈውን ነውና።