ኳሱ ሳይነሳ

ኳሱን አትዩት! የአሜሪካ ፉትቦል ስታዩ ይህን አንድ ነገር ብቻ ስሙኝ፦ ኳሱ ገና ሣር ላይ ሳለ ዓይናችሁን ከኳስ ወርዋሪው፣ ከኳርተርባኩ፣ ነቅላችሁ ወደ ተከላካዮቹ አዙሩ። ማን ጣቱን እንደሚቀስር፣ ማን እንደሚጮኽ፣ ማን ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ እንደሚል ተከታተሉ። እኔ ይህን ማየት ከጀመርኩ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ ካላስረዳሁ አልለቅም። እንዲህ ያለ ውበት ፊት ለፊታችን እያለ እንዴት ዝም ይባላል?

ብዙዎቻችን በእግር ኳስ ያደግን ነን። ኳስ ሲባል የሚፈስ፣ የማያባራ ነገር ነው የለመድነው። ስለዚህ ፉትቦል ጥቂት ሰከንድ ተሩጦ ወዲያው ሲቆም ትዕግሥታችን ያልቃል። ያ መቆም ግን የጨዋታው እምብርት ነው! ሃያ ሁለት ሰዎች ቆመው የሚተያዩባት ቅጽበት ውስጥ ጥያቄ አለ፣ መልስ አለ፣ ውሸት አለ፣ ወጥመድ አለ።

ሕጉ እንዲህ ነው። በአሜሪካው የፉትቦል ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ አጥቂዎቹ አሥራ አንዱም ቦታቸውን ይዘው ለአንድ ሰከንድ ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። ከዚያ በኋላ ኳሱ እስኪነሳ ድረስ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ መንቀሳቀስ ይፈቀድለታል፤ እሱም ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አይደለም። ሞሽን የሚሉት ይህንን ነው። አንድ ተቀባይ ከግራ ተነስቶ ወደ ቀኝ ሲሮጥ ብታዩት ምንም አይመስልም። ለተከላካዮቹ ግን እያንዳንዱ እርምጃው «እናንተ ማን ናችሁ?» የሚል ጥያቄ ነው።

ከተቀባዮቹ ጠባቂዎች አንዱ፣ ኮርነርባክ የሚባለው፣ ተቀባዩን ተከትሎ ሜዳውን ካቋረጠ ሰው በሰው እየያዙ ነው ማለት ነው፤ ኳርተርባኩ ምስጢሩን አወቀ። ማንም ካልተከተለ ዞን ሳይሆን አይቀርም፤ እያንዳንዱ ሰው ሳይሆን ቦታ ይጠብቃል። እዚህ ላይ ነው እኔ የተሸነፍኩት፤ ዞን ሲሆን የሚሮጥ ሰው አይታይም፣ ነገር ግን መስመሩ በሙሉ ይንቀሳቀሳል። እንደ ገበጣ ጠጠር አንዱ ከጉድጓዱ ሲነሳ የሌሎቹ ሁሉ ሒሳብ ይለወጣል! መሐል ላይ ያለው ላይንባከር አንድ እርምጃ ይገፋል፣ ከኋላ ካሉት ሁለት ሴፍቲዎች አንዱ ወደ ፊት ይወርዳል፣ ሌላው ወደ መሐል ያፈገፍጋል። ይህ ሁሉ አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ፣ የተመልካች ጩኸት ጆሮ በሚያደነቁርበት ስታዲየም፣ በአብዛኛው በእጅ ምልክት! ከመካከላቸው አንዱ ምልክቱን ካላየ ኳሱ የመጨረሻውን መስመር ያልፋል፤ ታችዳውን ነው።

አሁን በዚህ ላይ ኮከብ ተቀባይ ጨምሩበት። ታይሪክ ሂልን የመሰለ፣ ካመለጠ የማይደረስበት ሰው። የኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ አሠልጣኝ የነበረው ቢል ቤሊቼክ ለእንዲህ ያለው የነበረው መልስ እስካሁን ያስደንቀኛል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2019 ፓትሪዮትስ ወደ ሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ወደ ሱፐር ቦውል፣ ለማለፍ ሂል የነበረበትን ካንሳስ ሲቲ ቺፍስን ሲገጥሙ ቤሊቼክ ሂል ላይ የመደበው ምርጥ ኮርነርባኩን ስቴፎን ጊልሞርን አልነበረም። ፈጣኑን ጆናታን ጆንስን ሰጠውና ከኋላ ሴፍቲውን ዴቪን ማኮርቲን ደረበለት። ስሌቱን ተመልከቱ! ለኮከቡ ሁለት ሰው ይበቃዋል፤ ምርጡ ተከላካይ ደግሞ ያለ ረዳት ሌላውን ይይዛል። ሂል በዚያ ምሽት የያዘው አንድ ኳስ ነበር፣ ለ42 ያርድ። ፓትሪዮትስ በተጨማሪ ሰዓት 37 ለ 31 አሸነፉ።

ታዲያ ለሁለት ጠባቂ መፍትሔው ምንድን ነው? ሰውየውን ማንቀሳቀስ! ሁለቱ ጠባቂዎች አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ ሆነው አጥሩን ሠርተዋል፤ ኮከቡ ሲነሳ ግን ውስጡ ውጭ፣ ውጩ ውስጥ ይሆናል። ደግሞ ቆሞ የሚጀምር ተቀባይን በመጀመሪያዎቹ አምስት ያርዶች ውስጥ ደረቱን ገፍቶ ማዘግየት ይቻላል፤ እየሮጠ የሚመጣን ማን ይገፋዋል? ሂል በ2022 ወደ ማያሚ ዶልፊንስ ከተዛወረ በኋላ የያኔው አሠልጣኝ ማይክ ማክዳንኤል ይህን ጫፍ ላይ አደረሰው። በ2023 ሂል ኳሱ ሊነሳ አንዲት አፍታ ሲቀር ወደ ውጭ ይነሳል፣ ስናፑ፣ ኳሱ የሚነሳባት ቅጽበት፣ ሲደርስ እሱ በሙሉ ፍጥነት ላይ ነው! ዶልፊንስ በሴፕቴምበር 24 ዴንቨር ብሮንኮስን 70 ለ 20 ረመረሙት፤ 726 ያርድ ሄዱ። ሂልም ዓመቱን በ1,799 ያርድ የሊጉ ቀዳሚ ሆኖ ጨረሰ።

ግን እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። በፌብሩዋሪ 12 ቀን 2023 የተደረገው 57ኛው ሱፐር ቦውል!

የፊላደልፊያ ኢግልስ ተከላካዮች በጎል አካባቢ ተቀባይ በሞሽን ወደ መሐል ሲመጣ በትርምሱ መካከል አያሳድዱትም ነበር፤ ለማዶው ጓደኛቸው ያስረክቡት ነበር። ብልህ ዘዴ ነው፣ ትክክልም ነው። ከወራት በፊት ግን፣ በኦክቶበር 2022፣ የጃክሰንቪል ጃጓርሱ ጀማል አግኑ በዚህች ርክክብ ላይ አግብቶባቸው ነበር፤ የቺፍስ አሠልጣኞችም ያንን ፊልም ላይ አገኙት። አራተኛው ክፍለ ጊዜ መጣ። ካዴሪየስ ቶኒ ከቀኝ ጠርዝ ወደ መሐል መጣ፣ ተከላካዮቹ «ሊያቋርጥ ነው» ብለው ተረካከቡ፣ ኳሱ ሲነሳ ቶኒ እግሩን ተክሎ ወደ መጣበት ተመለሰ። ማንም የለም! አጠገቡ አንድም ሰው የለም! አምስት ያርድ፣ ታችዳውን። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ስካይ ሙር በሌላኛው ጎን ያንኑ አደረገው፣ እሱም ብቻውን። ቺፍስ 38 ለ 35 አሸነፉ።

ተከላካዮቹ አልሰነፉም፣ አልተኙም። የተማሩትን በትክክል ስለፈጸሙ ነው የተሸነፉት! ስንት ጊዜ መልሼ እንዳየሁት አልናገርም፤ ባየሁት ቁጥር ያች የመመለሻ እርምጃ ትገርመኛለች። የቺፍስ ዋና አሠልጣኝ አንዲ ሪድ ለዚያ ዘዴ የሰጡት ስም «ኮርን ዶግ» ነው፤ በእንጨት ላይ የሚሰካ ቋሊማ! በዓመቱ፣ በ58ኛው ሱፐር ቦውል፣ ቺፍስ ሳን ፍራንሲስኮን ሲገጥሙ፣ የዚያው ዘር የሆነው «ቶም ኤንድ ጄሪ» ተጠራ፤ ሜኮል ሃርድማን ወደ ውስጥ ሄዶ ወደ ውጭ ተመለሰ፣ ተጨማሪው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ 3 ሰከንድ ሲቀረው ሦስት ያርድ ላይ ብቻውን ቆሞ ተቀበለ፤ ሳን ፍራንሲስኮ 25 ለ 22 ተሸነፈ።

መልሱ? መልሱ ከፊላደልፊያ ራሱ መጣ፣ ይህ ነው ደስታዬን የጨረሰው! ኢግልስ በ2024 መከላከሉን ለቪክ ፋንጂዮ ሰጡ። ፋንጂዮ ሁለት ሴፍቲዎቹን ከኋላ በጥልቀት ማቆም ይወዳል፤ አጥቂው ከስናፕ በፊት የሚያየው ሥዕል ምንጊዜም አንድ ዓይነት ነው፣ ትክክለኛው ሥዕል የሚገለጠው ኳሱ ከተነሳ በኋላ ነው። ጥያቄ ለሚጠይቅ ሞሽን ፊት አለማሳየት! በፌብሩዋሪ 9 ቀን 2025፣ በ59ኛው ሱፐር ቦውል፣ ያንኑ አንዲ ሪድንና ያንኑ የቺፍስ ኳርተርባክ ፓትሪክ ማሆምስን አገኙ። ፋንጂዮ ጨዋታውን በሙሉ አንድም ጊዜ ተጨማሪ ሰው ወደ ኳርተርባኩ አልላከም። አራቱ የፊት ሰዎች ማሆምስን ስድስት ጊዜ ጣሉት፣ ሰባቱ ከኋላ ዓይናቸውን ገልጠው ጠበቁ። እረፍት ላይ 24 ለ 0፣ መጨረሻ ላይ 40 ለ 22።

ከዚያ ጨዋታ አንድ ቅጽበት ብቻ ፈልጋችሁ እዩ፤ ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ፣ ኩፐር ዲጂንን፣ ቁጥር 33ን። የመጀመሪያ ዓመት ተጫዋች ነው፣ ያ ቀን ደግሞ 22ኛ ዓመት ልደቱ ነው። ማሆምስ ወደ ቀኝ ሲሸሽ ዲጂን ተቀባይ ሲያሳድድ አይታይም፤ ማሆምስን ነው የሚያየው። ኳሱ ከእጁ ሲወጣ ፊት ለፊቱ ገብቶ ቀለበው፣ 38 ያርድ ሮጦም አገባው!