«ኮሩጌትድ» ሁሉ ቆርቆሮ ነውን?

በቴክኒክ ጽሑፎች ትርጉም ውስጥ «ኮሩጌትድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ደጋግሞ «የቆርቆሮ» ተብሎ ሲተረጐም እናያለን። ስለ ቤት ክዳን ሲነገር ችግር የለበትም። ይኸው ፍች ወደ ዕቃ ማሸጊያ ሲሻገር ግን የወረቀቱ ሣጥን «የቆርቆሮ ሣጥን» ይሆናል፤ ይህን አንብቦ ዕቃ የሚያዝ ሰውም ብረት ይጠብቃል። ስሕተቱ የቁስን ስም በቅርጽ ስም ቦታ ከማግባት የመጣ ነው። (የድምፅ መመሳሰልም ሳያሳስት አልቀረም፤ መመሳሰል ብቻውን ግን የዝምድና ማስረጃ አይሆንም።)

ቃሉ የመጣው መሸብሸብ ከሚል የላቲን ግሥ ሲሆን፣ የግሡ መነሻ «ሩጋ» በቆዳ ላይ የሚታይ እጥፋት ማለት ነው። ቅንድብን ወደ መካከል ስቦ ግንባርን የሚያኮሳትረው ጡንቻ በሕክምና ቋንቋ እስከ ዛሬ «ኮሩጌተር» ይባላል። ብረቱ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር በለንደን የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1829 እ.ኤ.አ. ነበር። ወረቀቱም በ1856 በእንግሊዝ አገር ለባርኔጣ ገበር፣ በ1871 በኒው ዮርክ ለጠርሙስ መጠቅለያ ዋለ። ስለዚህ ከፊት ቆዳ ተነሥቶ ወደ ብረትና ወደ ወረቀት የተላለፈው የእጥፋቱ ቅርጽ ነው።

የእኛ «ቆርቆሮ» ጠባዩ ሌላ ነው። እርግጥ ግንበኛው ልሙጡን «ላሜራ»፣ የክዳኑን «ቆርቆሮ» ብሎ ይለያል፤ «የፕላስቲክ ቆርቆሮ» ሲባልም እንሰማለን። ይህ ግን ክዳንነቱን እንጂ እጥፋቱን አያመለክትም። የታሸገ ሥጋ የሚመጣበትም ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ መባሉ ግን ከእጥፋት የተነሣ አይደለም።

ታዲያ የትኛው ቃል ይሻላል? «ጭምድድ» የሚለው ብልሽትን ያመጣል፤ የተጨማደደ ወረቀት ይጣላል እንጂ ዕቃ አይሸከምም። እዚህ ግን እጥፋቱ በሥርዐት የተሠራ ነው፤ ስሱ ንጣፍ ሳይጐብጥ ጭነት የሚችለው በእርሱ ነው። «ሽንሽን» ለቀሚስ ያምራል፤ ሆኖም መሬት መሸንሸንን፣ ማለትም መከፋፈልን፣ ያስታውሳል። በበኩላችን «ሽብሽብ»ን እንመርጣለን። ግንባርም ይሸበሸባል፣ ልብስም ይሸበሸባል፤ ይህም ከላቲኑ ጋር በአንድ መንገድ የሚሄድ ነው። «ሽብሽብ ብረት»፣ «ሽብሽብ ቧንቧ» ቢባል የሚከብደው ሰው ያለ አይመስለንም።

ስለ ካርቶኑ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። ካርቶኑ ከላይና ከታች ልሙጥ ነው፤ የተሸበሸበው በመካከል የተጣበቀው ወረቀት ነው። ስለሆነም ለዚህ «ሽብሽብ ካርቶን» ከማለት «ባለሽብሽብ ካርቶን» ማለቱ ይቀርባል።