የፊደሉ ቁጥር የማን ነው?

ሰሊጥ ታጭዶ ወደ ገበያ ሲወጣ በመተማ ዮሐንስ ያለችው ጽሕፈት ቤቴ ሥራ ይበዛባታል። የመሬት ኪራይ ውል፣ የሽርክና ውል፣ ውክልና፣ የማኅበር ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ። ሙቀቱ ኮምፒውተሩንም እኔንም ይፈትነናል፤ እንጀራዬ ግን ፊደል ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ አዛውንት ገበሬ የማኅበራቸውን መተዳደሪያ ደንብ በፍላሽ ይዘው መጡ። ቀድሞ የጻፍኩላቸው እኔው ነኝ፤ አሁን የፈለጉት አንድ አንቀጽ ማሻሻል ብቻ ነበር። ፋይሉን በአዲሱ ኮምፒውተር ስከፍተው ከላቲን ፊደልና ከቅንፍ በቀር አንድም የአማርኛ ቃል የለበትም። «ልጄ፣ ፊደሉ ወዴት ሄደ?» አሉኝ። የሚመልስ አፍ አጣሁ። ደንቡ የተጻፈበት ኮምፒውተር ተቃጥሏል፤ የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም ደግሞ ለዚያ ማሽን ብቻ ተቆልፎ የተሸጠልኝ ስለነበር ወደ አዲሱ አልተሻገረም። ከደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ላይ እያየሁ ሌሊቱን እንደገና ጻፍኩት።

የተበላሸው ምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ ቁጥር ነው የሚያውቀው። በድሮው አሠራር አንድ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነበረው፤ ከዚያም ላይ ኮምፒውተሩ ለራሱ የያዘው አለ። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ሞልቶ ይፈስሳል። ስለዚህ አንዱ ፕሮግራም ሠሪ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው ግንዱንና ቅጥያውን ለየብቻ አድርጎ፣ እንደ አማርኛ ጽሕፈት መኪና፣ ገጣጠመው። ብልሃታቸውን አከብራለሁ፤ እነሱ ባይደፍሩ አማርኛ በኮምፒውተር ለመጻፍ ብዙ በጠበቅን ነበር። ችግሩ ሁሉም «ሀ»ን በየራሳቸው ቁጥር ማስቀመጣቸው ነው። አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነብም።

በዚህ ረገድ የጽሕፈት መኪና ይሻል ነበር እላለሁ። መኪናው ቢሰበር፣ ሠሪው ፋብሪካ ቢዘጋ፣ ወረቀቱ ይነበባል። የእኔ ደንበኛ ግን ሳያውቁት የማኅበራቸውን ደንብ በሌላ ሰው ቁልፍ ቆልፈው ነበር። ቆላፊው እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንደ ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ባለሙያዎች ደክመውበት፣ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ፤ ዩኒኮድ የዓለም ፊደላት የጋራ የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። «ሀ» ቁጥር 4608ን አገኘች፤ ቁጥሩ አንዴ ከተሰጠ አይለወጥም። መጠቀሚያ ክፍያም የለውም። ዩኒኮድን በአባልነት ከሚደግፉት መካከል ትላልቅ ኩባንያዎች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ሰንጠረዡ ግን ለሁሉም ክፍት ነው፤ ለእኔ የሚበቃኝ ይኼ ነው። ከዚያ በኋላ ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባለውን ፎንት አመጣ፤ ብዙዎቻችን የለመድነው ፓወር ግዕዝም በዩኒኮድ መጻፍ ጀመረ፤ ኪማን የተባለው መጻፊያ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2017 በነጻ ተለቀቀ። ሠሪዎቻቸው ልዩ ልዩ ናቸው፤ በማናቸውም ብጽፍ «ሀ» ያው «ሀ» ናት።

ፕሮግራም መሸጥን አልቃወምም። እኔም በገጽ አስከፍላለሁ። በገበያችን ነጋዴ የሚያተርፈው በሰሊጡ ነው፤ ኪሎው የጋራ ነው። እያንዳንዱ ነጋዴ የራሱን ኪሎ ይዞ ቢመጣና ገበሬው ከእሱ በቀር ለማንም መሸጥ ቢያቅተው፣ ያ ንግድ አይባልም። ፎንቱን ያሳምሩት፣ ኪቦርዱን ያቅልሉት፣ የፊደል ግድፈት የሚያርም ይሥሩ፤ ዋጋውን እከፍላለሁ። የፊደሉን ቁጥር ግን ለማንም ግለሰብ ወይም ኩባንያ አሳልፌ አልሰጥም።

ገዢ ያነሰውን ቋንቋ ሳስብ ደግሞ ነገሩ ይብስብኛል። በቋራና በመተማ ቆላ ጉሙዞች አብረውን ይኖራሉ። ጉሙዝኛን በእኛው ፊደል ለመጻፍ በአማርኛ የሌሉ ሆሄያት ያስፈልጋሉ፤ እነዚያ ሆሄያት እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኒኮድ 6.0 ቁጥር ተሰጣቸው። ትርፉን የሚያሰላ ሻጭ ለስንት ገዢ ብሎ ይደክምላቸው ነበር? ቁጥሩ ከተገኘ ግን አንድ አስተማሪ ወይም አንድ ተማሪ ፎንቱን ሠርቶ ማንበቢያ መጽሐፍ ማዘጋጀት ይችላል።

አሁንም በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ቅጽ አንዳንዴ ይመጣልኛል። ሳልታክት ወደ ዩኒኮድ እቀይረዋለሁ፤ በመቀየሪያ ካልሆነ በእጄ። ለደንበኛው ከማስረከቤ በፊት ፋይሉን በራሱ ስልክ ላይ ከፍቼ አብረን እናነበዋለን። ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ ሥራው አላለቀም፤ ገንዘብም አልቀበልም።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በሱዳኗ የድንበር ከተማ በገላባት በኩል ብዙ ሰው ወደ እኛ ተሻግሯል። አንድ ቀን ካርቱም ሱቅ የነበረው ሰው ከእኛ አገር ነጋዴ ጋር ሊሸረክ ውል ፈለገ። ዓረብኛውን እሱ በስልኩ ጽፎ ላከልኝ፤ አማርኛውን እኔ ጻፍኩ። በአንድ ገጽ፣ ዓረብኛው ከቀኝ ወደ ግራ፣ አማርኛው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በድሮው ፕሮግራሜ ሁለት ወረቀት አትሜ በስቴፕለር ነበር የማያይዘው። ሁለቱም በየስልካቸው ከፈቱት፤ አንዱ ከላይ እስከ ታች በዓረብኛ፣ ሌላው በአማርኛ አነበቡና ፈረሙ።