ኦርጋኑ ለምን ዳንቴል ለበሰ?

ነገሌ ቦረናም ይሁን ያቤሎ፣ ሻኪሶም ይሁን ሞያሌ፣ ለልጁ ኦርጋን የገዛ ወላጅ ቤት ብትገቡ ብዙ ጊዜ የምታዩት ይህንኑ ነው። ኦርጋኑ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጧል፤ አቧራ እንዳይገባው ዳንቴል ለብሷል። (ወላጅ «ፒያኖ» ቢለውም ቤት የገባው ኪቦርድ ነው፤ ሰፈሩ ደግሞ ኦርጋን ይለዋል።) ልጁስ? ልጁ ውጭ ኳስ ያባርራል።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። አባት ኦርጋኑን ያመጣ ዕለት ግብ አውጥቶ ነበር፦ «ዓመቱ ሳያልቅ አንድ ሙሉ ዘፈን ከተጫወትክ ብስክሌት እገዛልሃለሁ!» እናትም «የእነ እንትና ልጅ እኮ በሁለት ወሩ ነው የለመደው» ብላ ገመዱን ታጠብቃለች። ትምህርት ቤቱም ለወላጆች ቀን መድረክ ላይ የሚያወጣው ልጅ ይፈልጋል። እንግዲህ ቁጠሩ፤ የአባት ግብ፣ የእናት ግብ፣ የትምህርት ቤት ግብ። የልጁ ግብ የታለ?

ግብ ማውጣት ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ግብና ግብ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1981 አልበርት ባንዱራና ዴል ሸንክ የተባሉ የሥነ ልቡና ምሁራን በመቀነስ ስሌት ወደ ኋላ የቀሩ ሕፃናትን ይዘው ጥናት አካሄዱ። አንዱን ቡድን «በየክፍለ ጊዜው 6 ገጽ ለመሥራት ሞክሩ» አሉት። ሌላውን «በሰባተኛው ክፍለ ጊዜ መጨረሻ 42ቱንም ገጽ ለመጨረስ ሞክሩ» አሉት። ስድስት ጊዜ ሰባት አርባ ሁለት፤ ሥራው ያው ነው። ውጤቱ ግን ለየቅል ሆነ። የቅርቡን ግብ የያዙት በችሎታም፣ በራስ በመተማመንም፣ ለትምህርቱ ባደረባቸው ፍቅርም በለጡ። የሩቁን የያዙት ምንም ግብ ካልተሰጣቸው ልጆች ብዙም አልተሻሉም።

ብስክሌቱንስ ምን እንበለው? እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ ሥዕል የሚወዱ ሕፃናትን «ከሳላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» ብለው አሳሏቸው። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሽልማት በሌለበት ሲታዩ፣ ለሥዕል የሚያውሉት ጊዜ ሽልማት ቃል ካልተገባላቸው ልጆች በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። ጨዋታው የቀን ሥራ ሆነባቸው! ታዲያ ብስክሌቱ እንደተገዛ ኦርጋኑ ዳንቴል ቢለብስ ምን ይገርማል?

ለዚህ ግን አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ቁርኣን ቤት የሚማር ልጅ የዕለቱን በሉሑ ላይ ይጽፋል፤ ይሸመድዳል፤ መምህሩ ፊት ያሰማል፤ ሉሑን አጥቦ ቀጣዩን ይጽፋል። የየኔታም ተማሪ ከፊደል ወደ ንባብ፣ ከንባብ ወደ ዳዊት ይሻገራል፤ ዳዊት ሲደግም ይደገስለታል። በሁለቱም ቤት በየቀኑ የምትጨበጥ ግብና በየቀኑ የሚሰማ ጆሮ አለ። (ዱላውን እዚያው እንተወው!) የቦረና ሰዎችም ከቱላ ጉድጓዶች ውኃ ሲያወጡ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ባልዲ ይቀባበላሉ። ጥልቁ ውስጥ የቆመው ሰው ከብቶቹን አያያቸውም። የእሱ ግብ እጁ ላይ ያለችው ባልዲ ናት። ዘፈኑ ጉልበት ይሆነዋል፤ ላይ ያለው ገንዳም ይሞላል።

ለኦርጋኑም እንዲሁ ነው። «ዓመቱ ሲያልቅ አንድ ዘፈን» ከማለት «ዛሬ ቀኝ እጅ ብቻ፣ ይህችን አጭር ሐረግ ሳትቋረጥ ሦስት ጊዜ» ይባል። ነገ ግራ እጅ፤ ከነገ ወዲያ ሁለቱም በቀስታ። ለጀማሪ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ግቡን ልጁ ራሱ ይምረጥ፤ ደብተሩ ላይ ራሱ ይጻፍ። ማታ ሲያሰማ ደግሞ አባት ስልኩን አስቀምጦ ያዳምጥ። ከነገሌ አዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ጎረቤታችን አይደለም። መምህር በማይገኝበት አገር የወላጅ ጆሮ ግማሽ መምህር ነው።

«ልጄ ዐሥር ዓመት አለፈው፤ ረፈደበት» የሚሉም አሉ። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ በልጅነቱ የሚያውቀው ክራር ነበር። ፒያኖ ያገኘው በ16 ዓመቱ፣ ያሬድ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው፤ ከዚያም ሶፊያ ድረስ ሄዶ ተማረ። «ልጄ አይተጋም» ለሚሉ ደግሞ፣ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ አሉ። በወጣትነታቸው ካይሮ ሲማሩ ቫዮሊንና ፒያኖ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት በብስክሌት አይገዛም! ከፍቅር ነው የሚመጣ፤ ፍቅር ደግሞ በትንሽ በትንሹ ነው የሚያድግ።

የመጀመሪያው ግብ ምን ይሁን ካላችሁኝ፣ የፈረንጅ የልደት ዘፈን አይሁን። ልጁ አያቱ የምታንጎራጉራትን ዜማ በአንድ ጣት ፈልጎ ያግኛት። ሲስት አያቱ ታርመዋለች፤ ሲያገኛት እልል ትልለታለች። ከዚህ የበለጠ ሽልማት ከየት ይመጣል?

እንግዲህ ዳንቴሉን አንሱት። ልጁንም «መቼ ነው የምትችለው?» ማለቱን ትታችሁ «ዛሬ ምን ታሰማኛለህ?» በሉት።