የሲሚንቶ አቃል

የእረፍት ጎጆ ተከራይቶ ቅር እያለው የተመለሰ ሰው ስሞታ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ውኃው ይቋረጣል፤ መብራቱ ይጠፋል፤ ቁርሱ ይዘገያል። ከጅጅጋ ብዙም ሳይርቅ በሚገኝ አንድ ማረፊያ ሁለት ሌሊት ያደረው ይህ ጸሐፊም ከእነዚህ አንዱም አልቀረበትም። ይሁን። በጀሪካን ውኃ መታጠብ ለሂስ የሚያበቃ ጉዳይ አይደለም። ለሂስ የሚያበቃው ማረፊያው አልጋ ብቻ የማያከራይ መሆኑ ነው። «በሶማሌ አቃል ውስጥ ይደሩ» ብሎ ነው እንግዳ የሚጠራው፤ ዋጋውንም የሚያስከፍለው በዚሁ ስም ነው። እንግዲያው በእጃችን ያለው አንድ የባህል ትርጉም ነው ማለት ነው። ትርጉም ደግሞ ከምንጩ ጋር ይስተያያል።

ምንጩን እንይ። አቃል የሶማሌ አርብቶ አደር ቤት ነው። የጎበጡ እንጨቶች አጥንቱ፣ የተሸመኑ ምንጣፎችና ቆዳ ልብሱ ናቸው። የምትሠራው ሴት ናት፤ የምታፈርሰው፣ ግመል ላይ የምትጭነው፣ ከደረሱበትም የምትተክለው እርሷው ናት። ለሙሽራ የሚሆነውን አቃል እናቷና የሴት ዘመዶቿ ተባብረው ያዘጋጁላታል። የአፍሪካን ተንቀሳቃሽ አርብቶ አደሮች ቤት ያጠናችው ላቤል ፕረሲን እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመችው መጽሐፍ ዋና ነገሯ ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ የእነዚህ ቤቶች አርክቴክት ሴቷ መሆኗን። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እንኳ፣ ስለ ሶማሌ ብዙ ክፉ የጻፈ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ይህን አይቷል። የዐረብ ነጋዴ መስሎ ከዘይላ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ሲገባ፣ በየሰፈሩበት ግመሎቹን አራግፈው፣ ቤቱን ተክለው፣ ምግቡን ያበስሉለት የነበሩት ሁለት የሶማሌ ሴቶች መሆናቸውን በጉዞ መጽሐፉ አስፍሯል።

ወደ ትርጉሙ እንመለስ። የእኛ ማረፊያ አቃል ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ጣሪያው ጎብጦ በታሰረ ብረት ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ ነው። በልስኑ ላይ ምንጣፍ እንዲመስል ቡናማና ቀይ መስመር ተቀብቶበታል። መስኮቱ አንዲት ናት፤ እሷም አትከፈትም። ምንጣፍ ነፋስ ያስገባል፣ ሲያስፈልግም ይገለጣል፤ ሲሚንቶ ግን ቀን የጠጣውን ፀሐይ እስከ እኩለ ሌሊት ይተፋዋል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ብርዱ ይገባል፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለችውን ጅጅጋን በረሃ ናት ብሎ ያለ ብርድ ልብስ የሚመጣ ሰው ይህን ቶሎ ይማራል። ድምፁስ! ምንጣፍ ድምፅ ይውጣል፤ የሲሚንቶ ጉልላት ይመልሳል። አንድ ጊዜ ስታስል ሳልህ ከጣሪያው ዞሮ ይስልብሃል። ባልና ሚስት እዚያ ውስጥ ቢጣሉ የሚሆነውን አንባቢ ይገምት።

ከሁሉ የከፋችው ግን አምፖሏ ናት። ሶማሌ ሴት ወተት የምታኖርበት ተሸምኖ የሚሠራ ሃን የሚባል ዕቃ አለ፤ መልካም መዓዛ ባለው እንጨት ይታጠናል። ማረፊያው ይህንኑ ሃን ቂጡን ቀዶ፣ ዘቅዝቆ የአምፖል ልብስ አድርጎታል። ወተቱስ? አልነበረም። ሴቶች በየመንገዱ ዳር የግመል ወተት በሚሸጡበት፣ ወተቱም ድንበር ተሻግሮ እስከ ሐርጌሳ ሲሸጥ በኖረበት አገር፣ ለቁርስ የቀረበልን በቆርቆሮ የመጣ የዱቄት ወተት ነው።

ባለቤቶቹ የሚሉት ይታወቃል። ምንጣፍ ያረጃል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ እንግዳም ቁልፍና ሻወር ይፈልጋል ይላሉ። ክርክሩ ባዶ አይደለም። ነገር ግን ይህንኑ ክርክር የሚያፈርስ ቤት በደቡብ፣ ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው ደጋ አለ። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ይሸመናል፤ ግርጌውን ምስጥ ሲበላው ይቆረጥና ቤቱ ያጥራል፤ ቦታ መቀየር ካስፈለገም በሰው ሸክም ይነሣል። እንግዳም እዚያው ውስጥ ያድራል፤ መታጠቢያው ለብቻው ውጭ ነው። ልዩነቱ የገንዘብ አይመስለኝም። ዶርዜዎቹ ቤቱን የሚያሠሩት ለሚያውቀው ሰው ነው።

እዚህስ የሚያውቅ ጠፍቶ ነው? ከጅጅጋ ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ቆሎጂ የሚባል የተፈናቃዮች ሰፈር አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት ከቀያቸው የተነቀሉ ብዙ ሺህ ሰዎች የተጠለሉት እዚያ ነው። መጠለያቸውን የቀለሱት በዚያው በጎበጠ እንጨት ነው፤ ምንጣፉ ሲጠፋ ሸራና ፕላስቲክ አለበሱት። የአቃል ዕውቀት በዚህ አገር አለ ከተባለ ከሁሉ በፊት እዚያ አለ፤ ያውም ሥራ ፈላጊ ሆኖ። ይህን ማለቴ ችግራቸውን ጎብኙላቸው ለማለት አይደለም፤ ያ ነውር ነው። ምንጣፍ ሸምኑልን፣ ቤቱን ትከሉልን፣ የድካማችሁን እንክፈል የሚላቸው ባለ ሀብት የለም ወይ ነው ጥያቄው።

ቁርስ ያቀረበችልንን ልጅ፣ ከቤታችሁ አቃል መሥራት የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። አያቷ እንደምታውቅ፣ ማንም ግን ጠርቶ እንዳላማከራት ነገረችኝ። አንድ ቀን አምጥታ ብታሳያት አያቷ የምትጠይቀውንም ከወዲሁ ታውቀዋለች፤ ይኼ በየትኛው ግመል ሊጫን ነው?

በግቢው ጥግ አራተኛው ጎጆ በመሠራት ላይ ነበር። ግንበኞቹ ሁሉም ወንዶች ናቸው። ብረቱ ጎብጦ ታስሯል፤ ሲሚንቶው ገና አልለበሰም። ነፋስ በመካከሉ ያልፋል፤ ማዶ ያለው የካራማራ ተራራም በብረቶቹ መሐል ይታያል። በዚያ ግቢ ውስጥ አቃል የሚመስለው እሱ ብቻ ነበር፤ በማግስቱ ሊለስኑት አሸዋው ተነፍቶ ተቀምጧል።